ያልተቆጠረ ሰርቨር

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1998 ስንት የመረጃ ማዕከል እንዳለው ሲጠየቅ መልሱ 432 ነበር። በ2009 ከ1,100 በላይ ሆነ። በ2010 መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንዲቆጥሩ ታዘው 2,094 አሉ፤ በ2015 መገባደጃ ደግሞ 10,584። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ያስተዋለ ሰው ግር ሳይለው አይቀርም። ከ2010 እስከ 2015 መንግሥቱ ማዕከል እየዘጋ እንጂ እየከፈተ አልነበረም፤ በእነዚያ ዓመታት ከ3,000 በላይ ዘግቷል። ቁጥሩ በአምስት እጥፍ ያደገው አዲስ ሕንፃ ስለ ተሠራ ሳይሆን፣ ማዕከል የሚለው ስያሜ ሰፍቶ እስከዚያ ድረስ ማንም ቁም ነገር ብሎ ያልቆጠራቸው፣ በየቢሮው ጓዳ የተደረደሩ ሰርቨሮች ጭምር መዝገብ ውስጥ ስለ ገቡ ነው። ማሽኖቹ ግን ሳይመዘገቡም ኤሌክትሪክ ይበሉ ነበር፤ የዜጎችን ስምና ምስጢርም ይዘው ነበር።

ስለ መንግሥት ኮምፒውተሮች የሚሰማው ወሬ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ መረጃ ተሰረቀ፣ ወይ የመብራት ሒሳብ ናረ። ሁለቱን የሚከታተሉት ባለሙያዎች የተለያዩ ናቸው፤ በጀታቸው ለየቅል ነው፤ ሪፖርቶቻቸውም እርስ በርስ አይተዋወቁም። ከዚህ የተነሣ አንዱ በሌላው ኪሳራ የሚገኝ ይመስላል፤ ጥበቃ ሲጠናከር ኃይል ይባክናል፣ ኃይል ሲቆጠብ ጥበቃ ይላላል ይባላል። የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት ታሪክ ከሥሩ ለተከተለ ሰው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መረጃውን ያስዘረፈውም ኤሌክትሪኩን ያባከነውም በአብዛኛው አንድ ጉድለት ነው፤ ባለቤቱ ያለውን ንብረት አለማወቁ።

ከ1890 እስከ 1945፦ ሕዝብ በካርድ ላይ

የ1880ው የሕዝብ ቆጠራ ውጤት ተጠናቅሮ እስኪወጣ ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ። የሚቀጥለው ቆጠራ ደጃፍ ላይ ደርሷል፤ ሕዝቡም በስደተኛው ብዛት ዕለት ዕለት ይጨምራል። ኸርማን ሆለሪዝ የተባለ መሐንዲስ ያመጣው መላ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ መስጠት፣ ዕድሜውን፣ ጾታውንና የትውልድ አገሩን በቀዳዳ መመዝገብ ነበር። ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ መርፌዎች ይወርዱበታል፤ ቀዳዳ ያገኘው መርፌ አልፎ ሜርኩሪ ይነካል፤ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ቆጣሪውም አንድ ይላል። በ1890ው ቆጠራ 62.6 ሚሊዮን ሰው በዚህ መንገድ ተቆጠረ። የሰው ገመናና የኤሌክትሪክ ኃይል በመንግሥት ቤት የተገናኙት በአንዲት ቀዳዳ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሆለሪዝ ድርጅት በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሃደ፤ በ1924 አይቢኤም ተባለ። የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በ1935 ሲወጣም የ26 ሚሊዮን ሠራተኞችን መዝገብ የሚይዝ ማሽን ለማቅረብ የተዘጋጀው ይኸው ኩባንያ ነበር።

በካርድ ላይ የተበሳ መረጃ የመጀመሪያው ፈተና ከሌባ አልመጣም። በ1942 የጃፓን ዝርያ ያላቸው 120,000 ያህል ሰዎች ከምዕራብ ጠረፍ ተግዘው ወደ ካምፕ ሲወሰዱ፣ የቆጠራው ቢሮ የት ሰፈር ስንት ጃፓናዊ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ለሠራዊቱ ሰጥቷል። ቢሮው ለረጅም ጊዜ የሰጠሁት ቁጥር እንጂ ስም አይደለም ሲል ኖረ። በ2000 ዳይሬክተሩ ኬኔት ፕሪዊት በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2007 ደግሞ ተመራማሪዎች ከዋና ከተማዋ ከዋሽንግተን አካባቢ የግለሰቦች ስም ጭምር ተላልፎ እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ አገኙ። የመረጃ ደኅንነትን ከውጭ የሚመጣ ሰርጎ ገብን የመከላከል ጉዳይ ብቻ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ይህ ምዕራፍ ማስተካከያ ነው። መዝገቡን የያዘው እጅ ራሱ ሊጠየቅ ይገባል።

ከ1946 እስከ 1974፦ ግዙፉ ማሽንና የተጣለው ዕቅድ

በየካቲት 1946 በፊላደልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ የቫኩም ቱቦዎች ነበሩት፤ 30 ቶን ይመዝናል፤ 150 ኪሎዋት ይወስዳል። አምስት ዓመት ቆይቶ በመጋቢት 1951 የቆጠራው ቢሮ ዩኒቫክን ተረከበ፤ ለሲቪል መሥሪያ ቤት አገልግሎት ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ኮምፒውተሮች አንዱ ነው። እነዚህ ማሽኖች በዛሬ ዓይን የኃይል ጉድጓድ ናቸው፤ ዛሬ ከእነርሱ እጅግ የፈጠነ ስልክ በኪስ ይዞራል። አንድ በጎ ነገር ግን ነበራቸው፦ ሊረሱ አይችሉም። የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው ማቀዝቀዣ፣ የራሳቸው መሐንዲስ ነበራቸው። ሰባራው ቱቦ በየጊዜው ሲተካ፣ የመብራት ሒሳቡ ሲመጣ፣ ማሽኑ መኖሩን ሁሉም ያውቃል። ጥበቃውም ቀላል ነው፤ የክፍሉን በር መቆለፍ። በ1965 በቴክሳሱ የምክር ቤት አባል በጃክ ብሩክስ ስም የሚጠራው ሕግ የኮምፒውተር ግዢን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ሲያደርግ፣ መንግሥት ያለውን ማሽን በአንድ ቦታ ለመቆጣጠር የሚችልበት ሁኔታ ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላ ሐሳብ መጣ። በየመሥሪያ ቤቱ ተበትኖ የነበረውን የስታቲስቲክስ መረጃ በአንድ ብሔራዊ የመረጃ ማዕከል ማሰባሰብ። ያቀረቡት ምሁራን የሚያዩት ብክነቱን ነበር፤ አንዱ መሥሪያ ቤት የሰበሰበውን ሌላው ደግሞ ይሰበስባል፣ የተሰበሰበውም በመጋዘን ይበሰብሳል። በ1966 በኮርኔሊየስ ጋላገር ሰብሳቢነት የተካሄደው የምክር ቤት ችሎት ግን ዕቅዱን ከሌላ አቅጣጫ አየው። የአንድን ዜጋ ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በአንድ ማሽን የሚያይ መንግሥት ምን ሊያደርግ ይችላል? ጋዜጦች ጮኹ፤ ዕቅዱም ሞተ። የምክር ቤቱ አባላት ፍርሃት መሠረት ነበረው፤ የ1942ቱን ለሚያስታውስ ሰው እንዲያውም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ከውሳኔው አንድ ሳይነገር የተለመደ እምነት ተወለደ፤ የተበተነ መረጃ የተጠበቀ መረጃ ነው የሚል። መበተን መንግሥት የዜጋውን ሙሉ ገጽታ እንዳይስል ያግዳል፤ እውነት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ግን ካሉት ሁሉ ደካማ በሆነው ቢሮ እጅ ሊወድቅ ይችላል፤ ያም ቢሮ የራሱ ማሽን፣ የራሱ ማቀዝቀዣ፣ የራሱ ሒሳብ ይኖረዋል።

ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 የወጣው የግል ምስጢር ሕግ ለመሥሪያ ቤቶች አንድ ብልህ ግዴታ ጣለ፦ ስለ ዜጎች የምትይዙትን የመዝገብ ዓይነት ሁሉ በመንግሥት ጋዜጣ አሳውቁ። ምስጢራዊ መዝገብ አይኑር ማለት ነው። ሕጉ እንዲቆጠር ያዘዘው ግን መዝገቡን እንጂ መዝገቡ የተቀመጠበትን ማሽን አይደለም። በዚያ ዘመን ልዩነቱ ለማንም አይታይም ነበር፤ ማሽኖቹ ትልልቅና ጥቂት ነበሩና።

ከ1977 እስከ 2001፦ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ

በ1981 የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ገበያ ላይ ዋለ። ልዩ ክፍልና የበላይ ፊርማ የሚጠይቀው ማሽን ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ሆነ፤ ቆጠራውም ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። ኮንግረስ በ1987 ባወጣው የኮምፒውተር ደኅንነት ሕግ መሥሪያ ቤቶች ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ያለባቸውን ሥርዓቶች በስድስት ወር ውስጥ ለይተው እንዲያሳውቁ አዘዘ። በኅዳር 1988 አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል 6,000 ያህል ኮምፒውተሮችን አጨናነቀ፤ በጊዜው ከነበረው ኢንተርኔት አንድ አሥረኛው ገደማ ነው ተብሎ ተገመተ። ከተጠቁት መካከል የመንግሥት የምርምር ተቋማትም ነበሩ።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ለብቻው መስመር የያዘው በዚህ ጊዜ ነው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1992 ኢነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት ጀመረ፤ መጀመሪያ የተለጠፈውም በኮምፒውተርና በስክሪን ላይ ነበር። ሥራ ሲቆም ማሽኑ ራሱ ወደ እንቅልፍ ገብቶ ከ30 ዋት በላይ እንዳይወስድ ይጠይቃል። ምልክቱ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር ወረቀት ላይ ሊቀር ይችል ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሚያዝያ 1993 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይህ ምልክት የሌለውን ኮምፒውተር እንዳይገዙ ሲያዝዙ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዓለም ትልቁ የኮምፒውተር ገዢ የጠየቀውን አምራች እምቢ አይልም፤ ለመንግሥት የተሠራውም ማሽን በየሰው ቤት ገባ። ሕግ ሳያስገድድ በገዢነት ብቻ ገበያን መምራት እንደሚቻል ከሚያሳዩት ምሳሌዎች ይህን የሚስተካከል ጥቂት ነው።

ወዲያው ግን ግጭት መጣ። የደኅንነት ባለሙያው የሶፍትዌር ማስተካከያ የሚጭነው ሠራተኛው ቤቱ በገባበት ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተር አይጥፋ ይላል። የኃይል ባለሙያው ማታ አጥፉ ይላል። የሁለቱ ዓላማዎች ተቃርኖ በዓይን የሚታይበት ቦታ ይህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። መፍትሔው ግን በ1990ዎቹ መገባደጃ ተገኝቷል፤ የተኛውን ማሽን በኔትወርክ መልእክት ቀስቅሶ፣ ማስተካከያውን ጭኖ፣ መልሶ ማስተኛት። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኑ የት እንዳለና አድራሻው ምን እንደሆነ ማወቅ። ዝርዝሩ ያለው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም አገኘ። ዝርዝር የሌለው ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ አብርቶ አደረ፤ ማስተካከያውም ለሁሉም አልደረሰም።

ሌላው ተቃውሞ ምስጠራን የሚመለከት ነው። መረጃን በምስጢር ቁልፍ መቆለፍ ስሌት ይጠይቃል፤ ስሌት ኃይል ይበላል፤ ስለዚህ ጥበቃ ያለ ብክነት አይሆንም ይባላል። መንግሥቱ በ1977 ደረጃ አድርጎ ያጸደቀው ዴስ የተባለው የምስጠራ ዘዴ ቁልፉ 56 ቢት ብቻ ነበር። በ1998 ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ የተሠራ ማሽን በ56 ሰዓት ሰበረው። ጊዜያዊ መላው ያንኑ ዘዴ ሦስት ጊዜ መደራረብ ሆነ፤ ሥራውም ሦስት እጥፍ። እስከዚህ ድረስ ተቃዋሚው ልክ ነው። ነገር ግን የመንግሥቱ የደረጃዎች ተቋም በዚህ አልረካም፤ ዓለም አቀፍ ውድድር ከፍቶ ከ15 እጩዎች መካከል የሁለት ቤልጂጋውያንን፣ የጆአን ዳመንንና የቪንሰንት ራይመንን ሥራ መረጠ፤ በ2001 ኤኢኤስ ተብሎ ጸደቀ። ከመመዘኛዎቹ አንዱ በትንሽ የካርድ ቺፕ ላይ እንኳ ያለ ችግር መሥራቱ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ቺፕ ሠሪዎች ስሌቱን በማሽኑ ልብ ውስጥ ስላስገቡት ሙሉ ዲስክ መመስጠር ተጠቃሚው የማያስተውለው ሥራ ሆነ። አዲሱ ቁልፍ ከአሮጌው ይልቅ ጠንካራም ቆጣቢም ነው።

ከ2002 እስከ 2014፦ ሥራ ፈቶቹ

በግንቦት 2006 ከአንድ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቤት አንድ ላፕቶፕና አንድ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ተሰረቁ። ዲስኩ ላይ የ26.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ነበር፤ አልተመሰጠረም። ዕቃው ከሳምንታት በኋላ ተገኘ፤ መርማሪዎችም ማንም የከፈተው አይመስልም አሉ። ሆኖም መንግሥቱ በ2009 በዚህ የተነሣበትን ክስ ለመጨረስ 20 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ የዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮም ከቢሮ የሚወጣ መረጃ ሁሉ እንዲመሰጠር አዘዘ። በዚያው በ2006 ማብቂያ ኮንግረስ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ ሰርቨሮች ስንት ኤሌክትሪክ ይበላሉ?

መልሱ በ2007 ቀረበ። የአገሪቱ የመረጃ ማዕከሎች በ2006 ብቻ 61 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅመዋል፤ ከአገሪቱ ፍጆታ 1.5 በመቶ፣ ከ2000ው እጥፍ። ከዚህ ውስጥ 6 ቢሊዮኑ የፌዴራል መንግሥቱ ነው፤ ዋጋውም በዓመት 450 ሚሊዮን ዶላር ያህል። በጥናቱ ግምት ለኮምፒውተሩ ከሚደርሰው ለእያንዳንዱ ዋት ሌላ አንድ ዋት ለማቀዝቀዣና በመንገድ ለሚባክነው ይከፈላል። ይህ አስደንጋጭ ነው፤ የበለጠ የሚያስደነግጠው ግን ሰርቨሮቹ የሚሠሩት ሥራ ነው። የበጀት ቢሮው ባገኘው መሠረት የአንዳንዶቹ የአቅም አጠቃቀም እስከ 5 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። በጊዜው የነበረ ሰርቨር ደግሞ ምንም ሳይሠራ ሲቆም እንኳ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ይወስድ ነበር። ብክነቱ ከሥራው ሳይሆን ከሥራ ፈትነቱ ነው።

ሥራ የፈታውን ሰርቨር ማን ይጠብቀዋል? ማንም። ማስተካከያ የሚጫነው ለሚሠራ ማሽን ነው፤ የይለፍ ቃሉ የሚቀየረው ተጠቃሚ ሲኖረው ነው። የተረሳ ማሽን ከኔትወርኩ ሳይለይ፣ በውስጡ ያለው መረጃም ሳይጠፋ፣ አሮጌ ሶፍትዌር እንደ ተሸከመ ይቀመጣል። ለመብራት ሒሳብ ፍሳሽ የሆነው ያው ማሽን ለሰርጎ ገብ ያልተዘጋ የጓሮ በር ነው። በየካቲት 2010 የመጀመሪያው የፌዴራል የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ ቪቬክ ኩንድራ ማዕከሎቹ ተቆጥረው እንዲቀነሱ ያወጡት መመሪያ የተሸጠው በቁጠባ ስም ነው፤ ውጤቱ ግን ቁጠባ ብቻ አልነበረም። ከ2011 እስከ 2015 የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት የመዘገበው ቁጠባ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ የተዘጋው እያንዳንዱ ጓዳ ደግሞ የተዘጋ በር ነው።

(በዚሁ ዘመን የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በዩታ፣ ብለፍዴል በተባለች ከተማ 65 ሜጋዋት የሚወስድ ማዕከል ይሠራ ነበር፤ በ2013 ጋዜጦች የኤሌክትሪክ ፍንዳታ ደጋግሞ ማሽኖቹን እያቃጠለ ሥራውን በአንድ ዓመት እንዳዘገየው ዘገቡ። ኤድዋርድ ስኖውደን ከዚሁ ኤጀንሲ ያወጣው ሰነድ ዓለምን ያነጋገረውም በዚያው ዓመት ነው። ኃይሉም ምስጢሩም በአንድ ዓመት ከእጅ ወጣ።)

2015፦ ዝርዝር የሌለው መዝገብ ቤት

የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ለመንግሥት ሥራ የሚታጩ ሰዎችን ማንነት የሚያጣራ መሥሪያ ቤት ነበር። ለምስጢራዊ ሥራ የሚታጭ ሰው ከመቶ ገጽ የሚበልጥ ቅጽ ይሞላል፤ የት እንደ ኖረ፣ ዕዳው፣ ሕመሙ፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቹ ሳይቀሩ። ከኢትዮጵያ ሄዶ ዜግነት ያገኘና በመከላከያ ወይም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው አገር ቤት ያሉ እናቱን፣ አባቱንና ወንድም እህቶቹን በዚያ ቅጽ ላይ መጻፍ ግድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዋና መርማሪ በኅዳር 2014 ባወጡት ሪፖርት ከ47 ዋና ዋና ሥርዓቶች 11ዱ ያለ ሕጋዊ የደኅንነት ፈቃድ እንደሚሠሩ ገለጹ። ከዚያ የሚብሰው ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቢሮው የሰርቨሮቹን፣ የመረጃ ቋቶቹንና የኔትወርክ መሣሪያዎቹን ሙሉ ዝርዝር አልያዘም።

ሪፖርቱ ሲወጣ ሌባው ቤት ውስጥ ነበር። ቢሮው በ2014 ጸደይ አንድ ሰርጎ ገብ መግባቱን ደርሶበት እንቅስቃሴውን ሲከታተል ከቆየ በኋላ በግንቦት 27 በአንድ ዘመቻ አስወጣው። ከሃያ ቀን በፊት፣ በግንቦት 7፣ ሁለተኛ ሰርጎ ገብ የኮንትራት ሠራተኛ የይለፍ ቃል ይዞ መግባቱን ግን አላወቀም። በሐምሌና በነሐሴ የማጣሪያ ቅጾቹ፣ በታኅሣሥ የሠራተኞች መዝገብ፣ በመጋቢት 2015 የጣት አሻራዎች ወጡ። በሚያዝያ ሲደረስበት የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች የማጣሪያ መረጃና የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ ተወስዷል። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም። ዳይሬክተሯ ካትሪን አርኩሌታ ለኮንግረስ ሲያስረዱ አንዳንዶቹ ሥርዓቶች ለምስጠራ እንኳ የማይመቹ አሮጌ ናቸው አሉ፤ በሐምሌ ሥራቸውን ለቀቁ። ጥፋቱ የአሮጌ ማሽን ነው የሚለው መከላከያ ግማሽ እውነት ነው። አሮጌ ማሽን ኃይል ይበላል፣ ቁልፍም አይቀበልም፤ ነገር ግን ያለህን ሳታውቅ የትኛው እንዳረጀ ማወቅ አትችልም።

ከ2016 እስከ 2022፦ የሁለት ቀን ልዩነት

በ2016 ኦዲተሮች እንደ ገለጹት መንግሥቱ በዓመት ለመረጃ ቴክኖሎጂ ከሚያወጣው ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሦስት አራተኛው ያህል የሚሄደው ነባሩን ለማቆየት ነበር፤ የኑክሌር ኃይሉን የሚያስተባብር አንድ ሥርዓት እንኳ ስምንት ኢንች ስፋት ባለው ፍሎፒ ዲስክ ይሠራ ነበር። በነሐሴ የወጣው አዲስ መመሪያ አዲስ ማዕከል ያለ ፈቃድ እንዳይከፈት ከለከለ፤ በነባሮቹ ላይ ቆጣሪ እንዲገጠም፣ ለማሽኑ ከሚደርሰው ለእያንዳንዱ ዋት የሕንፃው ጠቅላላ ፍጆታ ከ1.5 ዋት እንዳይበልጥ አዘዘ።

እዚህ ላይ ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይነሣል። ማሰባሰብ ለሌባ አንድ ትልቅ ጎተራ ማዘጋጀት አይደለምን? የ2015ቱ ዘረፋ ራሱ ማስረጃ ይሆናል፤ የ4.2 ሚሊዮን ሠራተኞች መዝገብ የተወሰደው በአገር ውስጥ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የጋራ ማዕከል ውስጥ ከተቀመጠበት ነበርና። የ1966ቱ የምክር ቤት አባላት ድምፅ ከመቃብር የሚሰማ ይመስላል። መልሴ ይህ ነው፦ ማሰባሰብ በራሱ ደኅንነት አይደለም፤ ደኅንነትን የሚያስገኘው ለማሰባሰብ ሲባል የሚደረገው ቆጠራ ነው። ያለውን ያወቀ መሥሪያ ቤት ቢፈልግ ይሰበስባል፣ ቢፈልግ ይበትናል። ያላወቀው ቢሰበስብም ቢበትንም ዕድሉን ነው የሚሞክረው።

ቀጥሎ የመጡት ሁለት አደጋዎች ይህን አጸኑ። በታኅሣሥ 2020 ሶላርዊንድስ የተባለው የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ከምንጩ እንደ ተመረዘ ታወቀ፤ የተመረዘውን ማሻሻያ የጫኑ ደንበኞች 18,000 ያህል ሲሆኑ ዘጠኝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተደፈሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሎግፎርጄ በተባለች፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ሶፍትዌሮች ሆድ ውስጥ በተቀበረች ቁራጭ ኮድ ላይ ክፍተት ተገኘ። በሁለቱም ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ እንዴት እንከላከል ሳይሆን የትኛው ማሽናችን ላይ ነው ያለው የሚል ነበር፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ለመመለስ ቀናት ፈጀባቸው። በጥቅምት 3 ቀን 2022 የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲው ሲቪል መሥሪያ ቤቶች ከኔትወርካቸው ጋር የተገናኘውን መሣሪያ ሁሉ በየሰባት ቀኑ በራስ ሰር ቆጠራ እንዲያገኙ አስገዳጅ መመሪያ አወጣ። ከሁለት ቀን በፊት፣ በጥቅምት 1፣ የመረጃ ማዕከሎች እንዲቆጠሩና ኃይል እንዲቆጥቡ የሚያስገድደው የሕግ ክፍል ዘመኑ አልቆ ተሽሯል። ለደኅንነት ሲባል ቆጠራ ተጀመረ፤ ለኃይል ሲባል የነበረው ቆመ። ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ከ2023 ወዲህ፦ ደመናውና እሳቱ

በታኅሣሥ 2023 የጸደቀ አዲስ ሕግ ክፍተቱን ለመሙላት ሞከረ፤ ለአዲስ ማዕከሎች የሳይበር ጥበቃን፣ የአደጋ መቋቋምንና የኃይል አጠቃቀምን በአንድ መስፈርት ጠየቀ። ዘግይቷል፤ ትክክል ግን ነው። በዚህ መካከል ብዙ ሥራ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ወደ ኩባንያዎች የኪራይ ማሽኖች፣ ሄዷል። ክላውድ በኃይል ረገድ ያተርፋል፤ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ማዕከል ለአንድ ዋት ሥራ ከ1.1 ዋት ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ለመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ሒሳብ በዶላር እንጂ በኪሎዋት ሰዓት አይደለም፤ ማሽኑም ቁልፉም በሌላ ሰው እጅ ነው። በ2023 ሰርጎ ገቦች ከማይክሮሶፍት በተሰረቀ ቁልፍ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ብቻ 60,000 ያህል ኢሜይሎች ወሰዱ። ቁልፉ በ2016 የተሠራ፣ ከሥራ መውጣት የነበረበት አሮጌ ቁልፍ ነበር። የደረሰበትም ኩባንያው ሳይሆን፣ ተጨማሪ የክትትል መዝገብ በክፍያ የገዛው መሥሪያ ቤት ነው። የተረሳ ሰርቨር በተረሳ ቁልፍ ተተካ።

የአገሪቱ የመረጃ ማዕከሎች ፍጆታ እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ በ60 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ረግቶ ነበር፤ በ2023 ወደ 176 ቢሊዮን፣ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 4.4 በመቶ ደረሰ። ከዓለም ትልቁ ክምችት ያለው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ነው። በጥር 2025 ፕሬዚዳንት ባይደን የፌዴራል መሬት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች እንዲከራይ አዘዙ፤ በሐምሌ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያንን ሽረው ግንባታን የሚያፋጥን የራሳቸውን ትእዛዝ አወጡ። የቀድሞው ትእዛዝ ንጹሕ ኃይልን ይጠይቅ ነበር፤ የኋለኛው ቅድሚያ የሰጠው ለፍጥነት ነው።

የማሰባሰብን ወሰን ያሳየው ግን ሌላ አገር ነው። ደቡብ ኮሪያ ከ2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን በየኮምፒውተራቸው ሳይሆን በአንድ የጋራ ማከማቻ እንዲያስቀምጡ አድርጋ ነበር፤ በደኅንነትም በቁጠባም ሊመሰገን የሚችል ውሳኔ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። በመስከረም 26 ቀን 2025 በዴጆን ከተማ ባለው ብሔራዊ ማዕከል፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹን የሚያቆዩ የሊቲየም ባትሪዎች ሲነሡ እሳት ተነሣ፤ 709 የመንግሥት አገልግሎቶች ቆሙ። የጋራ ማከማቻው መጠኑ እጅግ ትልቅ ነው ተብሎ ሌላ ቦታ ምትክ ቅጂ አልነበረውም። ከሁሉም የተጎዳው የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ነው፤ ሰነዱን ሁሉ በዚያ አኑሮ ነበርና። 858 ቴራባይት መረጃ ተቃጠለ።